መሠረተ እምነቷን የለቀቀች ቤተ ክርስቲያን በምን መንገድ ትመናመናለች? (መክፈቻውና 18ቱ መልሶች)

መክፈቻ

ለውይይት የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የክርስቶስን አምላክነት፣ ቤዛነቱንና በሥጋ መነሣቱን ማስተማር የተዉ፣ ወይም እነዚህን ለየሰዉ ምርጫ የለቀቁ አብያተ ክርስቲያናት በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ይመናመናሉ። የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ3.4 ሚሊዮን የማያንስ አባል ነበራት፤ በ2022 ከ1.6 ሚሊዮን በታች ወርዳለች። በ1983 ሁለት አካላት ሲዋሐዱ 3.1 ሚሊዮን ገደማ የነበረችው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ2023 1.1 ሚሊዮን አካባቢ ነበረች። በ1965 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነበረችው የካናዳ የተባበረች ቤተ ክርስቲያን አሁን 400,000 እንኳ አትሞላም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ከ1956ቱ 1.3 ሚሊዮን ተነሥታ ከ300,000 በታች ሆናለች። ጥያቄዬ፦ እምነትን መልቀቅ የመመናመኑ መንስኤ ነው ወይስ በአንድ ዘመን አብሮ የመጣ ነገር? መንስኤ ከሆነስ ጉዳቱ የሚገባው በየት በኩል ነው? ቁጥር ይዞ በሌላው ላይ መኩራራት ለማንም አይበጅም፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያሉት ነፍሳት ናቸውና።

18 መልሶች መጥተዋል። የእያንዳንዱን ሐሳብ በተራ ቁጥሩ አስቀምጫለሁ፤ አስተያየት ያለኝ ቦታ ላይም ጨምሬያለሁ።

መልስ 1። በትሕትና አመስግነው አንድ እርማት አስቀድመዋል። መሠረተ እምነት የምንለው ተለይቶ ካልታወቀ ክርክሩ መያዣ የለውም ይላሉ። በኒቅያና በቁስጥንጥንያ ጉባኤዎች (325 እና 381) የተደነገገው፣ ማለትም ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ትንሣኤና ዳግም ምጽአት፣ በአንድ ረድፍ ይቀመጥ። አብያተ ክርስቲያናት ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቁርባንና ስለ ክህነት የሚለያዩበት ሁለተኛው ረድፍ ይሁን፤ ዜማ፣ አለባበስና የአስተዳደር መልክ ደግሞ ሦስተኛው። ዜማዋን የለወጠች ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን እንደ ምሳሌ ብቻ ከምታስተምር ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጥ የለባትም። ክሩ፣ ማለትም ይህ የመልሶች ውይይት፣ ይህን አከፋፈል በያዘበት ቦታ ሁሉ ፍሬ አፍርቷል፤ በረሳበት ቦታ ጠብ ተነሥቷል።

መልስ 2። መክፈቻውን በቀጥታ የሚገዳደር ነው፤ ጨዋነቱን ግን አልለቀቀም። ማይክል ሃውት፣ አንድሩ ግሪሊና ሜሊሳ ዋይልድ በ2001 ያሳተሙትን ጥናት ያነሣሉ። በ1900 እና በ1970 መካከል በተወለዱ አሜሪካውያን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ወግ አጥባቂዎቹ እየበዙ ነባሮቹ (እንደ ኤጲስቆጶሳውያንና እንደ ፕሬስቢቴሪያን ያሉት) እያነሱ የሄዱበትን ለውጥ 76 ከመቶ የሚያብራራው የወሊድ ልዩነት ነው። የወግ አጥባቂዎቹ እናቶች ቀድመው ይወልዳሉ፣ ብዙም ይወልዳሉ። በዚህ ላይ ቀደም ሲል ኑሮው የተሻሻለ ባፕቲስት ወደ ፕሬስቢቴሪያን ወይም ወደ ኤጲስቆጶሳውያን ይሻገር ነበር፤ ይህ ፍሰት ቀነሰ። ስለዚህ ሰው ትምህርቱን ጠልቶ ሸሸ የሚለው አባባል በቁጥሩ አይደገፍም ብለዋል።

መልስ 3። ለ2ኛው መልስ የተጻፈ ነው። የወሊድ ቁጥር ስንት ሕፃን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደ መጣ ይነግረናል፤ ከመጡት ውስጥ የቀሩት ለምን እንደ ቀሩ ግን አይነግረንም። ሆጅ፣ ጆንሰንና ሉይደንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በልጅነታቸው በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የእምነት ማጽኛ የተቀበሉ 500 ያህል ጎልማሶችን አነጋግረው ውጤቱን በ1994 አውጥተዋል። ሰውየው በቤተ ክርስቲያን ይኖር እንደሆነ ከሁሉ አብልጦ የተነበየው እምነቱ ነው፤ በተለይም ድኅነት በክርስቶስ ብቻ ነው ብሎ ማመኑ። ከወጡት አብዛኞቹ ወደ ጠንካራ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም፤ የትም አልሄዱም። ክርስትና ጥሩ ነው ይላሉ፣ ልጆቻቸውም ግብረ ገብ እንዲማሩ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ለምን ክርስትና እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ሲጠየቁ መልስ የላቸውም። የመክፈቻው ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መልስ 4። ሃስኬል፣ ፍላትና በርጎይን በ2016 ያወጡትን የካናዳ ጥናት ጨምረዋል። በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ከነባሮቹ ፕሮቴስታንቶች 9 እያደጉ ያሉና 13 እያነሱ ያሉ አጥቢያዎች ተመርጠው 2,225 ምእመናንና 29 አገልጋዮች ተጠየቁ። ክርስቶስ በሥጋ ከመቃብር ተነሥቷል ከሚለው ጋር የተስማሙት በሚያድጉት አጥቢያዎች ካሉ አገልጋዮች 93 ከመቶ፣ በሚያንሱት ካሉት 56 ከመቶ ናቸው። በሚያንሱት አጥቢያዎች ምእመናኑ ከገዛ አገልጋያቸው ይልቅ ወደ ነባሩ እምነት የቀረቡ መሆናቸውንም ጠቅሰዋል።

መልስ 5። እዚህ ላይ ድምፁ ከረረ። 29 አገልጋይ ጠይቆ ስለ ዓለም ክርስትና መፍረድ ድፍረት ነው፣ ከአንድ ክፍለ ግዛት 22 አጥቢያ መርጦ ሕግ ማውጣትም እንዲሁ ብለዋል። የሚያድግ አጥቢያ ጽኑ እምነት ያለውን አገልጋይ መርጦ ሊቀጥር ስለሚችል የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ጥናቱ አይለይም። ይህ ትክክለኛ ነቀፋ ነው። ቀጥለው የ3ኛውን መልስ ጸሐፊ በማላገጥ የተናገሩት ግን አያስፈልግም ነበር።

መልስ 6። ሁለቱን ለማስታረቅ ገብተዋል። ዲን ኬሊ ወግ አጥባቂ አብያተ ክርስቲያናት ለምን ያድጋሉ የሚለውን ጥያቄ በ1972 ሲያነሣ ራሱ በአሜሪካ የነባሮቹ ፕሮቴስታንቶች ኅብረት በሆነው በብሔራዊ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ይሠራ እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ ለወግ አጥባቂዎቹ የሚያዳላበት ምክንያት አልነበረውም። ሎረንስ ያናኮኒ በ1994 ጥብቅነት እንዴት እንደሚሠራ በኢኮኖሚ ቋንቋ አብራራ። አባልነት ጊዜ፣ ገንዘብና የኑሮ ለውጥ ሲጠይቅ፣ ሳይሰጥ ሊቀበል የሚመጣው ይቀራል፤ የቀሩት ስለሚሰጡ ኅብረቱ ይሞቃል። ጥያቄው ሲቀነስ የሚሰጡት ከማይሰጡት ጋር ተመጣጥነው ይደክማሉ። ሰው ዋጋ የሚከፍለው ግን እውነት ነው ብሎ ላመነበት ነገር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ሲላላ ጥብቅነቱን በደንብ ብቻ ማቆየት እንደማይቻል አስምረውበታል።

መልስ 7። ረጅሙና ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ጉዳቱ የሚያልፍበትን መንገድ በቅደም ተከተል ዘርዝረዋል። የእምነት መግለጫው በጉባኤ ውሳኔ ሲሻር ማየት ብርቅ ነው፤ በሕገ ደንቡ ላይ እንዳለ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚለወጠው ካህኑ ወይም መጋቢው ሲሾም የሚፈርምበት ቃል ነው። መግለጫው ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ስለሚስማማ እቀበለዋለሁ ብሎ መፈረምና እስከተስማማ ድረስ እቀበለዋለሁ ብሎ መፈረም እጅግ ይራራቃሉ፤ ሁለተኛው መስማማቱን የመወሰን ሥልጣን ለፈራሚው ሰጥቷል። በኔዘርላንድ በ1816 በንጉሥ ቀዳማዊ ዊሊያም ደንብ የወጣው የመፈረሚያ ቃል ለሁለቱም ንባብ የሚመች ነበር፤ ከ18 ዓመት በኋላ በ1834 ሄንድሪክ ደ ኮክ ከኡልሩም ጉባኤው ጋር ሲለይ አንዱ የክርክር ነጥብ ይኸው ነበር። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የ1921 አንቀጾች ደግሞ የእምነቱን ፍሬ ነገር በማይነኩ ነጥቦች ላይ ነጻነት ፈቀዱ፤ ፍሬ ነገሩ የትኛው እንደሆነ ግን ነጥብ በነጥብ የሚዘረዝር ሰነድ አልወጣም። ወሰኑ ያልታወቀን ነጻነት ማንም መርማሪ ሊገድበው አይችልም።

ሁለተኛው የፈተናው ኮሚቴ ነው። እጩው ስለ ትንሣኤ ተጠይቆ ሲያመነታ ዝም ብሎ ማሳለፍ አንድ ጊዜ ከተለመደ ቀጣዩን መከልከል አድልዎ ይሆናል። ሦስተኛው ሴሚናሪው፣ አገልጋዮች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት፣ ነው። መምህራኑን የሚቀጥረው የአስተዳደር ቦርድ ለሲኖዶሱ የማይጠየቅ ከሆነ፣ ወይም በጀቱ ከምእመናን ሳይሆን ከቋሚ ሀብትና ከመንግሥት የሚመጣ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በትምህርቱ ላይ የነበራት እጅ ይላላል። ጊዜውንም አስልተውታል። ተማሪ በሦስት ዓመት ይመረቃል፣ ከዚያ 30 እና 40 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ የመምህራኑ ለውጥ በመድረክ ላይ ጎልቶ እስኪሰማ 10 ዓመት፣ አብዛኛውን አጥቢያ እስኪይዝ 25 እና 30 ዓመት ይፈጃል። ምእመናን ችግሩን የሚያዩት መነሻው ከተረሳ በኋላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛው መድረኩ ነው። ክህደት በግልጽ አይሰበክም፤ የሚሆነው ዝምታ ነው። ቃላቱ ይቀራሉ፣ ትንሣኤም ይባላል፣ ነገር ግን የተስፋ መታደስ ማለት ይሆናል፤ ቤዛነት የፍቅር አርአያ ማለት ይሆናል። አምስተኛው የልጆች ትምህርት ነው። ጥያቄና መልሱን በቃል ማጥናት ይቀርና ስለ ደግነት የሚያስተምሩ ታሪኮች ይተኩታል። ወላጅ ራሱ ያልያዘውን ለልጁ ማውረስ አይችልም፤ በ3ኛው መልስ የተጠቀሱት ጎልማሶች የዚህ ደረጃ ውጤት ናቸው። የአባላቱ ቁጥር መውደቅ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሲወድቅም ጉባኤው መፍትሔ የሚፈልገው በአደረጃጀትና በማስታወቂያ ይሆናል።

መልስ 8። ለ7ኛው አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አቅርበዋል። በ1719 በለንደን በሶልተርስ አዳራሽ የተሰበሰቡ ነጻ (ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ) አገልጋዮች በሥላሴ ላይ በሰው ቃል የተጻፈ መግለጫ መፈረምን በ57 ለ53 ውድቅ አደረጉ፤ እንግሊዛውያን ፕሬስቢቴሪያኖች ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ሥላሴን ወደሚክደው ዩኒቴሪያንነት አመሩ ብለዋል።

መልስ 9። 8ኛውን በጨዋነት አርመዋል። ድምፁ የተሰጠው በሥላሴ ላይ አልነበረም። ካልፈረሙት ብዙዎቹ በሥላሴ ያምኑ ነበር፤ የተቃወሙት ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ በሆነ ቃል መገደድን ነው። ይህ እርማት ክርክሩን ይበልጥ አጠነከረው፤ የሚያምን ሰው መግለጫውን ለሕሊና ነጻነት ሲል ቢተወው የሚተካው ሰው ግን እምነቱንም ላይዝ ይችላል። ጄኔራል ባፕቲስት የሚባሉትም በዚያው ጎዳና ሲጓዙ ዳን ቴይለር በ1770 አዲስ ኅብረት መሥርቶ እንደ ተለየ አክለዋል።

መልስ 10። ክሩ ወደ ንብረት ጉዳይ ዞረ። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1820 በዴድሃም ጉዳይ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ለቁርባን አባላት ሳይሆን ለአጥቢያው ግብር ከፋዮች ፈረደ፤ በዚያ ፍርድ ምክንያት ሥላሴን የሚያምኑ ብዙ ጉባኤዎች ሕንጻቸውን ለዩኒቴሪያኖች ትተው ወጡ። በ1904 የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ተቃራኒውን ፈረደ። የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው ክፍል በ1900 ከሌላ አካል ጋር ሲዋሐድ እምቢ ያለው ጥቂት ቁጥር የመጀመሪያውን ትምህርት ጠብቋል ተብሎ ንብረቱ ሁሉ ለእርሱ ተሰጠ። ጥቂቶቹ ያን ሁሉ ሕንጻ ማስተዳደር ስላልቻሉ ፓርላማው በ1905 በሕግ ደግሞ አከፋፈለው።

መልስ 11። ይህን ወደ ቅርብ ጊዜ አምጥተውታል። የተባበረችው ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ2019 ባወጣችው ደንብ አንድ አጥቢያ ንብረቱን ይዞ ለመውጣት በስብሰባው የተገኙ አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የሁለት ዓመት መዋጮና ያልተሸፈነው የጡረታ ዕዳ ድርሻ ይጠየቅ ነበር። የመውጫው ጊዜ በ2023 መጨረሻ እስኪዘጋ ከ7,600 በላይ አጥቢያዎች ወጡ፤ ይህም በአሜሪካ ካሏት ሩብ ያህሉ ነው።

መልስ 12። ንብረት ሌላ ክር ይከፈትለት ብለው ቆጣ ብለዋል። ቀጥለው ግን ራሳቸው ስለ ኦርጋንና ስለ ጊታር አንድ አንቀጽ ጽፈዋል። 1ኛው መልስ ይህን ሦስተኛ ረድፍ ብሎ ስላስቀመጠው ማንም አልተከተላቸውም።

መልስ 13። እጅግ ስለታም ተቃውሞ ነው። መመናመን የስሕተት ምልክት ከሆነ የሄርበርት አርምስትሮንግ ዓለም አቀፍ የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ምን ሊባል ነው ሲሉ ይጠይቃሉ። ይህ አካል ሥላሴን ይክድ፣ ሰንበትንና የብሉይ ኪዳን በዓላትን ይጠብቅ ነበር። መሥራቹ በ1986 ከሞተ በኋላ ተተኪው ጆሴፍ ትካች ትምህርቱን ደረጃ በደረጃ መረመረ፤ በታኅሣሥ 1994 በሰጠው ስብከት የብሉይ ኪዳን ሕግ ክርስቲያኖችን እንደማያስገድድ አወጀ። ጉባኤው ወደ ኒቅያ እምነት መጣ፣ በ1997 ወደ አሜሪካ ወንጌላውያን ማኅበር ገባ። ከስሕተት ወደ እውነት ሄደ፤ ከግማሽ በላይ አባላቱንም አጣ። አስራት ግዴታ መሆኑ ሲቀር ገቢው ተንኮታኮተ፣ ኮሌጁ በ1997 ተዘጋ፣ የተለዩትም በ1995 የተመሠረተውን የተባበረ የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ጨምሮ የየራሳቸውን አካል አቋቋሙ። ስለዚህ በቁጥር እውነትን የሚለካ ሰው እነዚህን ሰዎች በስሕተታችሁ ብትቆዩ ይሻላችሁ ነበር ሊላቸው ይገባል ብለው ጽፈዋል።

እኔ ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ከመክፈቻዬ ጋር ግን አይጋጭም። የሚያሳየው አንድ ኅብረት ሰዎች የተሰበሰቡበትን ምክንያት ሲለውጥ የሚበተን መሆኑን ነው። ምክንያቱ እውነት ነበር ወይስ ሐሰት የሚለውን ቁጥር አይመልሰውም፤ ቅዱስ መጽሐፍ ነው የሚመልሰው። የትካች ጉባኤ ያጣውን ያጣው ለእውነት ሲል ነው፤ ያም ክብር ይገባዋል።

መልስ 14። 13ኛውን በመደገፍ ሌላኛውን ጎን አምጥተዋል። ደቡባዊ ባፕቲስቶች መሠረተ እምነታቸውን አልለቀቁም፤ ሆኖም በ2006 ከነበሩት 16.3 ሚሊዮን በ2023 ከ13 ሚሊዮን በታች ሆነዋል። በ1936 ከነባሩ ፕሬስቢቴሪያን አካል የተለየችው ኦርቶዶክሳዊት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የምታምነውን ጠንቅቃ የያዘች ናት፤ አባላቷ ግን ዛሬም በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠሩት። ጽኑ እምነት ለመኖር ያስፈልጋል፤ ለማደግ ብቻውን ይበቃል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

መልስ 15። የሚለካው ነገር ራሱ ተሳስቷል ብለው ሁሉንም ወቅሰዋል። በስዊድን ቤተ ክርስቲያን ከአባላት የተወለደ ሕፃን እስከ 1996 ድረስ ሳይጠመቅም አባል ሆኖ ይመዘገብ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሕዝቡ 95 ከመቶ ያህል በመዝገብ ላይ ነበር፤ በእሑድ አምልኮ ይገኝ የነበረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በጀርመን ከገቢ ግብር ላይ እንደ ግዛቱ 8 ወይም 9 ከመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር ስለሚሰበሰብ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖም ደመወዝ ይከፈላል፤ ገቢው ባዶነቱን ለረጅም ዘመን ይሸፍነዋል። እርሳቸው የሚያዩት በመዝገብ ያለውን ቁጥር ሳይሆን በዓመት የተጠመቁ አዋቂዎችን፣ ለአገልግሎት የቀረቡ እጩዎችን፣ የተላኩ ሚስዮናውያንን፣ ከተጠመቁ ልጆችም በ20 ዓመታቸው የሚቆርቡትን ነው። ቃላቸው ይሻክራል፤ የሰጡት መለኪያ ግን ከእኔ መክፈቻ ቁጥሮች የተሻለ ነው።

መልስ 16። ከአብያተ ክርስቲያናት ወደ ማኅበራት ተሻግረዋል። የተማሪ ማኅበር አባላቱ በሦስትና በአራት ዓመት ስለሚለወጡ ውድቀቱም ፈጣን ነው። በካምብሪጅ የነበረው የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት በ1910 ከሰፊው የተማሪዎች ክርስቲያናዊ ንቅናቄ ተለየ። በ1919 መልሶ ለመዋሐድ ሲወያዩ የኅብረቱ ልጆች የክርስቶስን የቤዛነት ደም ማዕከል ታደርጉታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እንቀበለዋለን፣ ማዕከል ግን የግድ አይደለም የሚል መልስ አገኙ፣ ውሕደቱም ቀረ። በዚያ ጊዜ ሰፊው ንቅናቄ ትልቅና የተከበረ፣ ኅብረቱ ጥቂት ነበር፤ ከ50 ዓመት በኋላ ቦታ ተለዋውጠዋል። በ1886 የጀመረው የተማሪ በጎ ፈቃደኞች የሚስዮን ንቅናቄም እንዲሁ፤ በ1920 ከ2,700 በላይ አዲስ ፈቃደኞች ፈርመው ነበር፣ በ1928 ወደ 250 ወረዱ። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ነገር ግን አሕዛብ ያለ ክርስቶስ ጠፍተዋል የሚለው እምነት ሲላላ በባዕድ አገር ሞቶ ለመቀበር የሚፈርም ወጣት ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

መልስ 17። የሄደው ይመለሳል ወይ ለሚለው ሁለት ምሳሌ ሰጥተዋል። የሚዙሪ ሲኖዶስ ሉተራውያን ትልቁን ሴሚናሪያቸውን ሲመረምሩ በየካቲት 1974 አብዛኞቹ መምህራንና ተማሪዎች ለቀው ወጡ፤ ትምህርት ቤቱ ከጥቂቶቹ ጋር እንደገና ተገነባ። ደቡባዊ ባፕቲስቶች የያዙት ሌላ መንገድ ነው። የኅብረቱ ፕሬዚዳንት አንድ ኮሚቴ ይሾማል፣ ያ ኮሚቴ አስመራጭ ኮሚቴ ያቀርባል፣ አስመራጩ ደግሞ የሴሚናሪዎቹን ቦርድ አባላት ይጠቁማል። በ1979 የጀመሩት ወግ አጥባቂ ወገኖች በየዓመቱ ፕሬዚዳንቱን በማስመረጥ ቦርዶቹን ቀስ በቀስ ለወጡ። በ1993 በሉዊቪል ሴሚናሪ አዲስ ፕሬዚዳንት ሲሾም፣ መምህራን በ1858 የተጻፈውን የትምህርት ቤቱን መግለጫ ያለ ማመንታት እንዲፈርሙና እንዲያስተምሩ ተጠየቀ። ይህ ያለ ቁስል አልሆነም፤ ጓደኝነት ተበጥሷል፣ ጉባኤዎችም ተለይተዋል።

መልስ 18። አንድ ሰው ሥራ ላይ የሚውል ነገር አለ ወይ ብሎ ስለጠየቀ ስሟ ቢመሳሰልም በመክፈቻው ከተጠቀሰችው ሌላ ከሆነችው፣ በ1973 ከተለየችው የፕሬስቢቴሪያን አካል (PCA) የሹመት ሥርዓት ሁለት ነጥብ አምጥተዋል። እጩው ከእምነት መግለጫው ጋር የማይስማማበትን ነጥብ ሁሉ ከሹመቱ በፊት በራሱ ቃል ያቀርባል፤ ልዩነቱ የትምህርቱን ሥርዓት የሚነካ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የሽማግሌዎች ጉባኤ እንጂ እጩው አይደለም። በመሐላው ውስጥ ደግሞ፣ ከተሾመ በኋላ አሳቡ በመሠረታዊ ነጥብ ቢለወጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ለጉባኤው ሊያስታውቅ ይምላል።